ለጀማሪ የሚሆን ርካሽ ተች ስልክ፦ ከመክፈላችሁ በፊት የሚደረግ ፍተሻ ደረጃ በደረጃ

ከባለ ቁልፍ ስልክ ገና ለሚሻገር ሰው ርካሽ ተች ስልክ ገዝታችሁለት፣ ሳምንት ሳይሞላ «ይሄ ነገር አልሆነልኝም፤ የድሮዬን መልሱልኝ» ብሏችሁ ያውቅ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ሰውየው ጋ አይደለም፣ ስልኩ ጋ ነው። ጣት ሲነካው የማይሰማ ስክሪን፣ ጆሮ ላይ ሲደረግ የማይጠፋ መብራት፣ ተነክቶ ቶሎ የማይከፈት አፕ። ስልክ የለመደ ሰው እነዚህን እየተነጫነጨም ቢሆን ያልፋቸዋል። ጀማሪው ግን «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» ይልና ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፉት ቁጥሮች ይህን አይነግሯችሁም። እነሱ የሚነግሯችሁ ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል እንደሆነ ነው። ለጀማሪ ስልክ ስትመርጡ ግን ካሜራ መጨረሻ ላይ ነው የሚታየው። ቀድሞ የሚታየው ስክሪኑ ጣት መስማቱና ስልኩ በደንብ ማስደወሉ ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች የተደረደሩትም በዚህ ሐሳብ ነው። ስልኩን ቶሎ የሚጥሉት ፈተናዎች ቀድመዋል፤ ስለዚህ አንዱ ላይ ከወደቀ ቀሪውን ለማየት አትድከሙ።

መመሪያው ለአንድሮይድ ስልኮች ነው። የሜኑ ስሞች ከስልክ ስልክ ትንሽ ይለያያሉ። የጠቀስኩትን ቦታ ካጣችሁት ሴቲንግ ውስጥ ከላይ ባለው መፈለጊያ ስሙን ጻፉ፣ ያመጣላችኋል።

ከመሄዳችሁ በፊት

መጀመሪያ ስልኩን የሚይዘውን ሰው አነጋግሩት። «ምን ዓይነት ስልክ ይሻላል?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ገና ይዞት ስለማያውቅ መልስ የለውም። «በስልኩ ምን ምን ሊሠራበት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ርቀው ካሉ ልጆች ጋር በቪዲዮ ማውራት ነው? የባንክ አፕ ነው? ፎቶ ማየት ነው? የሚላችሁን ሦስት አራት ነገር ወረቀት ላይ ጻፉ።

ከዚያ ራሳችሁ አስተውሉ። ያለ መነጽር ያነባል? ስልክ ሲያወራ በደንብ ይሰማል? እጁ ይንቀጠቀጣል? የጣቱ ቆዳ የደረቀ ወይም በሥራ ብዛት የጠነከረ ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ተራ ይመስላል፤ ደረጃ 3 እና ደረጃ 8 ላይ ግን ብዙውን ነገር የሚወስነው እሱ ነው።

እነዚህን ያዙ፦

- ሒሳብና ዳታ ያለው ሲም ካርድ። ተጠቃሚው ከሚጠቀምበት ኔትወርክ ይሁን። በሌላ ኔትወርክ ሲም የሞከራችሁት ስልክ ቤት ሲደርስ ላይሠራ ይችላል።
- የራሳችሁን ስልክ። ለመደወልና ኢንተርኔት ለማጋራት ያስፈልጋል።
- ትልቅ ቪዲዮ ያለበት ሚሞሪ ካርድ።
- ቻርጀር ወይም ፓወር ባንክ ከነገመዱ፣ ኢርፎን እና ለስላሳ ጨርቅ።
- ከተቻለ ተጠቃሚውን ራሱን።

ሻጩ «ሳይከፈት ነው የሚሸጠው» ካለ፣ ተመሳሳዩን ሞዴል የት እንደምትሞክሩ ጠይቁ። ወይም ካልሆነላችሁ ስንት ቀን ውስጥ መመለስ እንደሚቻል ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ሁለቱንም እምቢ ካለ ሌላ ጋ ሂዱ።

ደረጃ 1፦ ቁጥሮቹን አጣሩ

ይህ ደረጃ ስልኩን ሳትነኩ የሚያልቅ ነው።

*ራም።* አፖች ሲከፈቱ የሚሠሩበት ጊዜያዊ ቦታ ነው። 2 ጂቢ ከሆነ ተዉት። ጎግል ራሱ ለደካማ ስልኮች ያዘጋጀው አንድሮይድ ጎ የሚባለው ቀላል ስሪት እንኳ ከአንድሮይድ 13 ጀምሮ ቢያንስ 2 ጂቢ ይጠይቃል። ዝቅተኛው መጠን ላይ የቆመ ስልክ ደግሞ አፖች በከበዱ ቁጥር መንቀራፈፉ አይቀርም። 3 ጂቢ ያስኬዳል፣ 4 ጂቢ ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማታለያ አለ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «8 ጂቢ» ይልና ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «4+4» ይጻፋል። እውነተኛው ራም የመጀመሪያው 4 ነው። ሁለተኛው 4 ከስቶሬጁ ላይ ተቆርሶ ራም የተባለ ቦታ ነው፤ ፍጥነቱ ከራም ጋር አይወዳደርም። ስትመዝኑ አትቁጠሩት።

*ስቶሬጅ።* 32 ጂቢ የተባለው ሙሉ በሙሉ የእናንተ አይደለም፤ ስልኩ ራሱ ከ10 ጂቢ በላይ ሊይዝበት ይችላል። በየቀኑ ቪዲዮና ፎቶ የሚላክለት ጀማሪ ደግሞ መሰረዝ አያውቅም፣ ስልኩ ይሞላል፣ ሲሞላ ይንቀራፈፋል። 64 ጂቢ ፈልጉ። የሚሞሪ ካርድ ቦታውንም እዩ፤ አንዳንዱ ስልክ ሚሞሪ ስትጨምሩበት ሁለተኛውን ሲም ያሳጣችኋል።

*የአንድሮይድ ስሪት።* አንድሮይድ 12 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021፣ 13 በ2022፣ 14 በ2023፣ 15 በ2024 ነው። ርካሽ ስልኮች ከተገዙ በኋላ ወደ አዲስ ስሪት የሚያድጉት እምብዛም ስለሆነ ዛሬ የያዘውን ስሪት እስከ መጨረሻው እንደሚይዝ ቁጠሩት። አፖች አሮጌ ስሪት መቀበል ያቆማሉ። ለምሳሌ ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ከአንድሮይድ 5.0 በታች አይሠራም። የባንክ አፖች ከዚያም የጠበቁ ናቸው።

*ቻርጅ ማድረጊያው ቀዳዳ።* ታይፕ ሲ ይሁን። በየትኛውም በኩል ይገባል። የድሮው ማይክሮ ዩኤስቢ በአንድ በኩል ብቻ ስለሚገባ፣ ዐይኑ የደከመ ሰው እየገፋ ይሰብረዋል።

የቀረውን ቁጥር ለጊዜው እለፉት። የስክሪኑ ጥራት 720 በ1600 ቢሆን ለጀማሪ ይበቃል።

ደረጃ 2፦ ስልኩ ነኝ የሚለውን መሆኑን አረጋግጡ

1. መደወያውን ክፈቱና *#06# ጻፉ። ምንም ሳትጫኑ አይኤምኢአይ የሚባለው 15 አሃዝ ያለው ቁጥር ይመጣል። ሁለት ሲም ከሆነ ሁለት ቁጥር ነው የሚመጣው። ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አሃዝ በአሃዝ አመሳክሩ። አንድ አሃዝ ከተለየ ካርቶኑ የሌላ ስልክ ነው፣ ወይም ቁጥሩ ተነክቷል። እዚያው አቁሙ።

2. ስልኩ ያገለገለ ከሆነ ሻጩ የራሱን የጎግል አካውንት ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ከፊታችሁ ያውጣ። ከዚያ ሴቲንግ → ሲስተም → ሪሴት ገብቶ ሁሉንም ያጥፋው። ስልኩ እንደ አዲስ ሲነሳ ከኢንተርኔት ጋር አገናኙት። የቀድሞውን ባለቤት አካውንት ወይም ፓስዎርድ ከጠየቀ ተቆልፏል ማለት ነው። ይህ መቆለፊያ እ.ኤ.አ. በ2015 ከአንድሮይድ 5.1 ጋር የመጣ የሌባ መከላከያ ነው። «ቀላል ነው፣ የሚከፍት ልጅ አውቃለሁ» ቢሏችሁም አትግዙ። የተሰረቀ ስልክ ሊሆን ይችላል።

3. ፕሌይ ስቶር ክፈቱ። ለዚህ የጎግል አካውንት ማስገባት ያስፈልጋል። ፎቶና መልእክታችሁ ያለበትን ዋና አካውንት አታስገቡ፤ ለሙከራ የሚሆን ሌላ አካውንት አስቀድማችሁ ክፈቱ። ከላይ በቀኝ ያለውን ክብ ምልክት ንኩ፣ ሴቲንግ → አባውት ግቡ። «ፕሌይ ፕሮቴክት ሰርቲፊኬሽን» በሚለው ሥር «ሰርቲፋይድ» ማለት አለበት። ካላለ፣ ወይም ፕሌይ ስቶር ጭራሹን ከሌለው፣ የጎግልን ፍተሻ ያላለፈ ስልክ ነው። የባንክ አፕ እምቢ ሊለው ይችላል፤ ውስጡ ምን እንደተጫነበትም ማወቅ አይቻልም። ለጀማሪ እንዲህ ያለ ስልክ አይሰጥም።

4. ሴቲንግ → አባውት ፎን → አንድሮይድ ቨርዥን ገብታችሁ «ሴኪዩሪቲ አፕዴት» የሚለውን ቀን እዩ። ከሁለት ዓመት በላይ ያረጀ ከሆነ አምራቹ ትቶታል ማለት ነው፤ ሌላ እዩ።

ደረጃ 3፦ ስክሪኑን በጣት ፈትሹ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ስክሪኑን ከፍ ዝቅ አድርጎ «ጥሩ ነው» ይላል። ጀማሪ የሚናደድበት ጉድለት ግን አብዛኛውን ጊዜ ዳርና ዳር ላይ ነው ያለው። የኪቦርዱ ረድፍ ጫፍ ላይ፣ ከታች የመመለሻው ምልክት ላይ።

መጀመሪያ ስክሪኑን በጨርቁ ጥረጉ። ከፋብሪካ የመጣውን ስስ ላስቲክ ላጡት። ከዚያ፦

1. ሴቲንግ → አባውት ፎን ግቡ። «ቢልድ ነምበር» የሚለውን ሰባት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ንኩት። ፓስዎርድ ከጠየቀ አስገቡ። «ዴቨሎፐር» ሆናችኋል የሚል መልእክት ይመጣል።
2. ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ሲስተም → ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ ግቡ። «ፖይንተር ሎኬሽን» የሚለውን አብሩት። አሁን ስክሪኑ ላይ ጣታችሁ የሄደበት ሁሉ በመስመር ይሳላል።
3. ከላይኛው ግራ ጥግ ጀምሩና በአንድ ጣት፣ በቀስታ፣ ከዳር እስከ ዳር መስመር ስቡ። ጣታችሁን ሳታነሡ አንድ ጣት ወርዳችሁ ተመለሱ። እስከ ታች ድረስ እንዲሁ ሸፍኑት። ከዚያ ከላይ ወደ ታች ድገሙት።
4. መስመሩ የተቋረጠበትን ቦታ እዩ። ጣታችሁ ሳይነሳ መስመሩ ከተቆረጠ እዚያ ጋ ስክሪኑ ሞቷል።
5. ሁለት ጣት በአንድ ጊዜ አስቀምጡ። ሁለት የተለያየ መስመር መሳል አለበት። ፎቶና ጽሑፍ በሁለት ጣት ማጉላት የሚቻለው ይህ ሲሠራ ነው።
6. እጃችሁን አንሱና ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ተዉት። ማንም ሳይነካው መስመር ከተሳለ ስልኩ በራሱ ጊዜ እየተነካ ነው። ይህ ስልክ አንድ ቀን በራሱ ወደ ሰው ይደውላል።
7. አሁን ቻርጀሩን ሰክታችሁ እዚሁ ዝርዝር ውስጥ ያሉትን ቁጥር 3ን እና ቁጥር 6ን ድገሙ። ቻርጅ ላይ ሲሆን ስክሪኑ የሚያብድ ስልክ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የርካሽ ቻርጀር ነው፤ በሌላ ቻርጀር ሞክሩ። በሁለተኛውም ካበደ ስልኩን ተዉት።

መስመሩ የተቋረጠባችሁ ስክሪኑ ላይ ወፍራም ፕሮቴክተር ተለጥፎ ከሆነ፣ ሻጩን አስፈቅዳችሁ አንሡትና እንደገና ሞክሩ። የአየር አረፋ ያለበት ፕሮቴክተር ጤነኛ ስክሪን ያሳማል። ስትጨርሱ ዴቨሎፐር ኦፕሽንስን ከላይ ባለው ማብሪያ አጥፉት። ክፍት ከተተወ አንዳንድ የባንክ አፕ አልሠራም ይላል።

ቀለሙን ለማየት ነጭ ገጽ ክፈቱና ብራይትነሱን እስከ መጨረሻ ጨምሩ። ቢጫ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ይታያል። ስልኩን ወደ ጎን ስታዘነብሉት ጽሑፉ ከጠፋ ስክሪኑ ደካማ ነው። በመጨረሻ ፀሐይ ላይ ይዛችሁ ውጡ። ደጅ ላይ ማን እንደደወለ የማያሳይ ስልክ ውሎው ከቤት ውጭ ለሆነ ሰው አይረባም።

ደረጃ 4፦ ደውሉ፣ ተደወሉ

ሲም አስገቡ። «የኔትወርክ መክፈቻ ኮድ አስገባ» የሚል ጥያቄ ከመጣ ስልኩ ለሌላ ድርጅት ኔትወርክ የታሰረ ነው። መልሱ።

ኔትወርኩ ከመጣ በኋላ ወደ ራሳችሁ ስልክ ደውሉና አንድ ሰው ራቅ ብሎ ያውራችሁ። የሚከተለውን በዚህ ጥሪ ላይ እያላችሁ እዩ።

*ስልኩን ጆሯችሁ ላይ አድርጉት።* ስክሪኑ መጥፋት አለበት። ስታርቁት ደግሞ ወዲያው መብራት አለበት። ይህን የሚያደርገው ከስክሪኑ በላይ ያለው የቅርበት መለኪያ ነው። አንዳንድ ርካሽ ስልኮች ይህ መለኪያ የላቸውም፤ በሌላ ዘዴ ለማስመሰል ይሞክራሉ። ካልሠራ ጉንጭ ስክሪኑን ይነካል፣ ጥሪው ይቋረጣል፣ ወይም ድምፁ ይዘጋል። ጀማሪው የሚያየው «ኔትወርኩ እየተቆራረጠ» ነው። አሥር ጊዜ አርቁት፣ አሥር ጊዜ አቅርቡት። ሁለት ጊዜ ከሳተ፣ ፕሮቴክተሩ መለኪያውን ሸፍኖት እንደሆነ እዩ። ካልሸፈነው ስልኩ ወድቋል። እኔ በዚህ ነጥብ አልደራደርም፤ ሌላው ሁሉ ጥሩ ቢሆንም አልገዛውም።

*ድምፁን እስከ መጨረሻ ጨምሩ።* በጆሮ መስሚያውም፣ በስፒከሩም። ጫጫታ ያለበት ቦታ ቁሙና ሞክሩ። ድምፁ ጮክ ሲል የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ለመስማት ለሚቸገር ሰው አይሆንም። ከዚያ ወዲያ ማዶ ያለውን ሰው «የእኔስ ድምፅ ይሰማል?» በሉት። ሰው ይህን ይረሳል፤ ማይኩ የደከመ ስልክ ግን ከወዲህ በኩል አይታወቅም።

*ከስክሪኑ አናት ያለውን ምልክት እዩ።* ሳትደውሉ 4ጂ ይል የነበረው ስትደውሉ ወደ ኤች ወይም ኢ (የቆዩት የ3ጂና የ2ጂ ኔትወርክ ምልክቶች) ከወረደ ስልኩ በ4ጂ ላይ መደወል አልቻለም። ሴቲንግ ውስጥ «ቮልቲ» (VoLTE፣ በ4ጂ መደወያ) የሚለውን አብሩና እንደገና ሞክሩ። በብዙ አገር የ3ጂ ኔትወርክ እየተዘጋ ነው፤ በ4ጂ መደወል የማይችል ስልክ እንዲህ ባለ ቦታ ለጥሪ ዋጋ ላይኖረው ይችላል።

አሁን በተራው እናንተ ወደ ስልኩ ደውሉለት። ጥሪው ኪስ ውስጥ ሆኖ ይሰማል? ንዝረቱስ ይታወቃል?

ደረጃ 5፦ ፍጥነቱን በሥራ ለኩ

የፍጥነት ነጥብ የሚሰጡ አፖችን ተዉ። ይህን አድርጉ፦

1. ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩት። ከተነሳ በኋላ ሁለት ደቂቃ ስጡት።
2. ቪዲዮ ክፈቱ፤ እየሄደ ሳለ ወደ ዋናው ገጽ ውጡና ካሜራውን፣ ከዚያ መልእክቱን ክፈቱ። ወደ ቪዲዮው ተመለሱ። ከነበረበት ይቀጥላል ወይስ ከዜሮ ይጀምራል? ከዜሮ ከጀመረ ራሙ አልበቃውም።
3. ቪዲዮው እየሄደ ከሌላ ስልክ ደውሉለት። ሙዚቃው ጮኾ «ማን ነው?» እስክትሉ ድረስ ስክሪኑ ላይ ስም ካልመጣ፣ ወይም አረንጓዴው ምልክት ተነክቶ ዝም ካለ፣ ስልኩ ለጀማሪ አይሆንም። ጀማሪ ደጋግሞ ይነካል፤ ስልኩ ሲነቃ የተነካውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይፈጽምና ጥሪው ይዘጋል።

ስልኩ የታወቀ ስም ይዞ በማይታመን ዋጋ ከቀረበላችሁ ፎርጅድ መሆኑን ጠርጥሩ። በፎርጅድ ስልክ ላይ ሴቲንግ ውስጥ የሚታየው ራምና ስቶሬጅ ሐሰት ሊሆን ይችላል። ከፕሌይ ስቶር «ሲፒዩ ዜድ» ወይም «ዴቭቼክ» ጫኑና የፕሮሰሰሩን ስም፣ ራሙንና የስክሪኑን ጥራት ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ከዚያ ከሚሞሪ ካርዱ ላይ ትልቁን ቪዲዮ ወደ ስልኩ ደጋግማችሁ ገልብጡና የመጨረሻውን ቅጂ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዘለላችሁ እዩት። ቦታ አለኝ እያለ ቪዲዮው ከተበላሸ ስቶሬጁ የተባለውን ያህል የለም።

ደረጃ 6፦ ባትሪ

ፐርሰንቱን ጻፉ። ብራይትነሱን እስከ መጨረሻ ጨምራችሁ ቪዲዮ ለግማሽ ሰዓት ክፈቱ። ሌላውን ፍተሻ ጎን ለጎን መሥራት ትችላላችሁ። 5000 ኤምኤኤች የተባለ ጤነኛ ባትሪ በዚህ ጊዜ ጥቂት ፐርሰንት ነው የሚወርደው። 10 ከወረደ ቁጥሩም ባትሪውም ያጠራጥራል። አንድ በአንድ መውረዱንም እዩ፤ ከ60 ዘልሎ 48 ከገባ ባትሪው አርጅቷል።

መሞቁ አያስደነግጥም። ጆሮ ላይ መያዝ እስኪያቅት ከሞቀ ግን ተዉት። ገመዱን ሰክታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ግራ ቀኝ አወዛውዙት፤ ቻርጁ ከተቋረጠ ቀዳዳው ልል ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ያገለገለ ስልክ ከሆነ የጀርባውን ክዳን ጠርዝ በጥፍራችሁ ዳብሱ። ክዳኑ ወይም ስክሪኑ ከክፈፉ ተነሥቶ ከሆነ ባትሪው አብጧል። አትጫኑት፣ ቻርጅ አታድርጉት፣ «ገፋ አድርገህ ዝጋው» አትበሉ። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያነሳ ይችላል።

ደረጃ 7፦ ካሜራ

አጭር ነው። ብርሃን በቀነሰበት ክፍል ውስጥ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ አንሱና አጉልታችሁ አንብቡ። ከተነበበ ካሜራው ይበቃል። በቪዲዮ ለማውራት የፊት ካሜራውን አንድ ጊዜ ክፈቱ። ከጀርባው የተደረደሩት ተጨማሪ ክብ ክቦች በርካሽ ስልክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅም የላቸውም፤ ለእነሱ ተጨማሪ አትክፈሉ።

ደረጃ 8፦ ስልኩን ለባለቤቱ ስጡት

እስካሁን የፈተሻችሁት እናንተ ናችሁ። የእናንተ ጣት የለመደ ነው። ስልኩን ከመስጠታችሁ በፊት እነዚህን አስተካክሉ፤ አለዚያ የስልኩን ሳይሆን የሴቲንጉን ጉድለት ነው የምትለኩት።

- *የፊደል መጠን።* ሴቲንግ → ዲስፕሌይ ውስጥ ፊደሉን አተልቁ። ከዚያ መደወያውንና መልእክቱን ክፈቱ። ፊደሉ ሲተልቅ ቁልፎቹ ከተቆራረጡ ወይም ከስክሪኑ ከወጡ ስልኩ ለዚህ ሰው አልተሠራም።
- *የመጫኛ ጊዜ።* አክሰሲቢሊቲ ውስጥ «ተች ኤንድ ሆልድ ዲሌይ» የሚለውን «ሎንግ» አድርጉት። ከባለ ቁልፍ ስልክ የመጣ ሰው ስክሪኑን እንደ ቁልፍ ተጭኖ ይቆያል። ስልኩ ግን ይህን «አፑን ላንቀሳቅስ» ብሎ ይረዳዋል፤ ምልክቱ ይንቀጠቀጣል፣ ቦታው ይቀየራል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ይህች አንዲት ሴቲንግ ብዙ እንባ ታስቀራለች።
- *ሦስቱ የታች ምልክቶች።* ዳር ላይ በመጥረግ የሚሠራውን ዘዴ አጥፉና በሦስት ምልክት የሚሠራውን ምረጡ። የሚታይ ነገር ይሻላል።
- *የስክሪን ማጥፊያ ጊዜ።* ከ30 ሴኮንድ ወደ 2 ደቂቃ አድርሱት።
- *ኪቦርድ።* በሚጽፍበት ቋንቋ መኖሩን እዩ። ጂቦርድ የአማርኛ ኪቦርድ አለው።

አሁን ስልኩን ስጡትና እጃችሁን ሰብስቡ። አንድ ጊዜ ብቻ አሳዩት፤ ከዚያ እሱ ራሱ ይሥራ፦

1. ስክሪኑን መክፈት።
2. ስትደውሉለት ማንሳት።
3. ያመለጠውን ጥሪ መልሶ መደወል።
4. ፎቶ ማንሳትና ያነሣውን ማግኘት።
5. ከየትም ሆኖ ወደ ዋናው ገጽ መመለስ።

ሰዎች የሚወድቁት ሁለተኛው ላይ ነው። ብዙ ስልክ ለማንሳት ምልክቱን መንካት ብቻ አይበቃውም፣ መጎተት ይፈልጋል። ሰውየው አረንጓዴውን ይነካል፣ ስልኩ መጮኹን ይቀጥላል። የመደወያው ሴቲንግ ውስጥ በአንድ መንካት ማንሳት የሚያስችል ምርጫ ካለ አብሩት። አክሰሲቢሊቲ ውስጥ ደግሞ ጥሪን በማብሪያ ቁልፉ መዝጋት የሚያስችል ምርጫ አለ፤ እሱንም አብሩት።

ሲነካው ካልሰማ ጣቱን ተመልከቱ፣ ፊቱን አትመልከቱ። በጥፍሩ ነው የሚነካው? የዛሬ ስክሪን ግፊት አይለካም፤ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ቆዳ ሲነካው ነው የሚሰማው። ጥፍር አይሰማውም፣ የደረቀ ወይም የጠነከረ ቆዳም ብዙም አይሰማውም። በጣቱ ሥጋ፣ ቀለል አድርጎ፣ ነካ አድርጎ እንዲለቅ አሳዩት። ካልሆነ ፕሮቴክተሩን አንሥታችሁ ሞክሩ። አንዳንድ ስልክ «ተች ሴንሲቲቪቲ» ወይም የጓንት ሴቲንግ አለው፤ አብሩት። ይህ ሁሉ ሆኖ እናንተን የሚሰማ ስክሪን እሱን ካልሰማ፣ ሌላ ሞዴል ስጡትና ያንኑ አምስቱን ሥራ አሠሩት። ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ተጠቃሚው አብሯችሁ ከሌለ ይህን ደረጃ አትዝለሉት፤ ተች ስልክ ይዞ የማያውቅ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ደረጃ 9፦ ወስኑ

የተቆለፈ፣ «ሰርቲፋይድ» ያልሆነ፣ ስክሪኑ የሞተበት ቦታ ያለው፣ ጆሮ ላይ የማይጠፋ ወይም ባትሪው ያበጠ ስልክ በየትኛውም ዋጋ አይገዛም። ደካማ ካሜራ፣ የፕላስቲክ ጀርባ፣ የጣት አሻራ አለመኖር፣ የጎን ጭረት ግን ይታለፋሉ። ሁለት ስልክ ከተቀራረበባችሁ ስፒከሩ ጮክ የሚለውንና ደረጃ 8ን በቀላሉ ያለፈውን ውሰዱ።

ከመክፈላችሁ በፊት የሙከራ አካውንታችሁን ከሴቲንግ አውጡና ሲማችሁንና ሚሞሪያችሁን ንቀሉ። ደረሰኙ ላይ አይኤምኢአይ ቁጥሩ ይጻፍ።

የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ

ካርቶኑን አትጣሉ። በመጀመሪያው ማታ ስልኩን ሞልታችሁ፣ ሲሙ ውስጡ እያለ ከቻርጅ ነቅላችሁ አሳድሩት። ጠዋት ከ10 ፐርሰንት በላይ ወርዶ ካገኛችሁት ሴቲንግ → ባትሪ ውስጥ የትኛው አፕ እንደበላው እዩ። ከፋብሪካ የመጣ የማስታወቂያ አፕ ከሆነ አጥፉት፣ ካልጠፋ «ዲሴብል» አድርጉት፣ እና ደግማችሁ አሳድሩት። በሁለተኛውም ሌሊት ያው ከሆነ መልሱት።

የጎግል አካውንት ስትከፍቱለት በራሱ ስም ይሁን። ስልኩ አንድ ቀን ሪሴት ቢደረግ ደረጃ 2 ላይ ያያችሁት መቆለፊያ እሱኑ ነው የሚዘጋበት። አካውንቱን፣ ፓስዎርዱንና የስክሪን መክፈቻውን ወረቀት ላይ ጻፉለት። ማስመለሻ ስልክ ቁጥር በሚለው ቦታ በየቀኑ የሚያገኘውን ሰው ቁጥር አስገቡ። ወረቀቱ ቤት ይቀመጥ፤ ከስልኩ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አይግባ።